እናቶቻችን ስንት ወለዱ፣ ስንት አሳደጉ?



ባለፈው ዓመት ከአንድ ቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጨዋታው ወደ ልጅ ብዛት ዞረና በሁለት ወገን ተከፈልን። አንዱ ወገን «የድሮ ሰው አሥርና አሥራ ሁለት ወልዶ አሳድጓል፤ የዛሬዎቹ ሁለት ወልደው ይማረራሉ» አለ። ከወጣቶቹ አንዱ ደግሞ «የድሮ ሰው መከላከያ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይወልድ ነበር» ሲል መለሰ። እኔ በዕለቱ ዝም አልኩ፤ ዕድሜውን መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ሳያገላብጥ አይናገርም። አሁን ጸሐፊያችን «አንድ ነገር ጻፍ» ስላሉኝ የማውቀውንና ያነበብኩትን አቀርባለሁ። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ዘጠኝ ወልዳ አራት አሳድጋለች። አምስቱን ኩፍኝ፣ ትክትክና ተቅማጥ ወሰዷቸው። ይህ ደግሞ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም፤ ስሞቻችን ይመሰክራሉ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው የሌለበት ሠፈር የት አለ? እነዚህ ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ሰው ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። ምትኩን አቤት ወዴት እንለዋለን፣ የተተካው ልጅ ስም ግን ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። የዕድራችንን አሮጌ መዝገብ የገለጠ ሰውም «ሕፃን» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ያያል። ስለዚህ የድሮው ቤተሰብ ብዙ የነበረው በምጥ ሲቆጠር ነው እንጂ በገበታ ዙሪያ ሲቆጠርማ እንደምናስበው አልነበረም።

አሁን ወደ ወጣቱ ልምጣ። «ዝም ብሎ ይወልድ ነበር» ላለው መልሱ ሂሳብ ነው። እናቴ የበኩር ልጇን በ16 ዓመቷ፣ የመጨረሻውን በ42 ዓመቷ ወለደች። በመካከሉ 26 ዓመት አለ። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ አንድ፣ ሃያ ስድስት በሆነ ነበር። እሷ ግን ዘጠኝ ወለደች፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሲካፈል ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይደርሳል። ክኒን የለ፣ መርፌ የለ፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?

ዋናው ከጡት ነው። የአገራችን እናት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ታጠባለች። ሕፃኑን ቀን አዝላው ትውላለች፣ ሌሊት አቅፋው ትተኛለች፤ ባልየው ሌላ መደብ ላይ ነው። ልጁ በተደጋጋሚ፣ በተለይም ሌሊት በጠባ ቁጥር የእናትየው ሰውነት ዕንቁላል ማውጣቱን ያዘገያል፣ የወር አበባዋም ይቆያል። ዛሬ ሐኪሞች ይህንን መከላከያ አስተማማኝ የሚሉት ሕፃኑ ጡት ብቻ ሲጠባ፣ አበባዋ ሳይመለስ፣ ለመጀመሪያው 6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቢሆንም በገጠር ከዓመት በላይ የሚቆይባት ብዙ ናት። ሕፃኑ ቶሎ ከሞተ ግን ጡቱም ይቆማልና ቀጣዩ ቶሎ ይመጣል። የእናቴም እንደዚያው ነበር፤ በቅርብ በቅርብ የወለደቻቸው ሁሉ ሞት ያቀራረባቸው ናቸው።

ሃይማኖትም አግዟል። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ባል ወደ አራስ አይቀርብም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ፣ የሐዋርያቱ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ለምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። ሥርዓቱ ከሥጋና ከወተት ብቻ ሳይሆን ከመኝታም ይከለክላል። ሁሉም ይጠብቀዋል ማለቴ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ ክርስትና ሲመጣ የአገራችን ቄስ ጣታቸውን ቆጥረው ፈገግ ይሉ ነበር። የእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ቁርኣን ማጥባቱን መሙላት ለፈለገ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎ ደንግጎላቸዋል። ሌላም ባልና ሚስት ብቻ የሚያውቁት ጥንቃቄ ነበረ፣ እሱን በዚህ መጽሔት አልጽፈውም።

እናቶች ማራራቁን የሚፈልጉት ለዋዛ አልነበረም። በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ፊቱና እግሩ የሚያብጥ፣ ፀጉሩ የሚቀላ ሕፃን ደጋግማ አየች። የአገሩ ሰዎች ለበሽታው ያወጡለትን ስም «ኳሺዮርኮር»ን በ1935 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት አሳተመችው። ትርጉሙ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ ከቦታው የተነሣው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የጋና እናቶች ከሐኪሟ በፊት ያውቁት ነበር። የእኛም እናቶች በጡት ላይ ማርገዝን ይፈሩ የነበረው ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ልማድ እንጂ ዋስትና አይደለም። ላልሆነላት ሴት የቀረው መንገድ ክፉ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት የሰባት ወር ልጅ እያጠባች ሌላ አረገዘች። የምትጠባው ልጅ እንዳትሞትባት ፈራች። አንዲት አሮጊት እንዶድ ሰጠቻት፤ ልብስ የምናጥብበት እንዶድ፣ መርዝ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለለቀስተኛው «ምች መታት» ተባለ። እናቴ እውነቱን የነገረችኝ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እሷ ልትሞት ሁለት ዓመት ሲቀራት ነው። ስንት «ምች» እንዲህ ተቀብሮ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ክኒን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው ደግሞ በ1958 ዓ.ም.። ወደ መንዝ ገጠር እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር፤ ከ1,000 ሕፃናትም 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ወሊዱ 4.6፣ ሞቱ 67 ሆኗል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ወረዱ። ድንኳን ውስጥ ለተከራከሩት የማሳየው ይህን ነው።

የአክስቴን ልጅ እናቴ ወሰደቻት። ያኔ እኔን ታጠባ ነበርና በአንድ ጡት እኔን፣ በሌላው እሷን ይዛ አሳደገችን። ከእኔ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አልወለደችም።