ከአራዳ ገበያ እስከ ሱፐርማርኬት፦ ውድ መደብር ገብቶ መግዛት ያዋጣል ወይ?

ለፋሲካ የጋራ አስቤዛ ልንገዛ የቁጠባ ሣጥናችንን በከፈትን ዕለት ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ አባላት፣ “ዘንድሮ እንኳ ከሱፐርማርኬት እንግዛ፤ ዕቃው የታሸገ ነው፣ ቀኑ የተጻፈበት ነው፣ ግፊያ የለ፣ ኪስ አውላቂ የለ” አሉ። እናቶቻችን ደግሞ፣ “መርካቶ አፍንጫችን ሥር ቁጭ ብሎ? ለመብራቱና ለመስተዋቱ ነው ወይ የምንከፍለው?” ብለው ተቆጡ። አቦሉ ወርዶ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ነገሩ አላለቀም። በመጨረሻም ሦስታችን ጉዳዩን መርምረን በመጽሔታችን እንድንጽፍ ተመረጥን። የዋጋውን ልዩነት ለማስላት ተነሥተን ከተማችን እንዴት ሁለት ዓይነት ገበያ እንዳበጀች ወደሚያሳየው ታሪክ ገባን። ያገኘነውን እነሆ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ገበያዋ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሆነ። ዋናው የገበያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ገንዘቡ የማርያ ትሬዛ ብር፣ ለትንሽ ትንሹ ግዢ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። እህሉ በቁና ይሰፈራል፤ ቅቤው ይሸተታል፤ ማሩ በጣት ተጠልቆ ይቀመሳል፤ ዋጋው በክርክር ይቆረጣል። ዕቃው ደግ ይሁን ክፉ መርምሮ የማወቁ ሥራ ሁሉ የገዢዋ ነበር። ይህን ነጥብ እህቶቻችን ያዙልን፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃም በዛ። የሕንዱ የሙሐመድ አሊ ኩባንያ፣ የግሪኮችና የአርመኖች ሱቆች በአራዳ ዙሪያ ነበሩ። በየሠፈሩ ደግሞ የመኖች ስኳሩንና ላምባውን በትንሽ በትንሹ የሚቸረችሩባቸው “ዓረብ ቤቶች” ተከፈቱ። ስለዚህ የውጭ ዕቃ የሚሸጥበት የድንጋይ ሱቅና የመሬቱ ገበያ በዚያ ዘመንም ሁለት ነገር ነበሩ። ነገር ግን ጎን ለጎን ነበሩ። አንዲት እመቤት ከጉልቱ ቃሪያ ገዝታ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዳ ከሱቁ ክር ልትገዛ ትችል ነበር።

ይህን የለያየው ወራሪው ጣሊያን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይተው የሚኖሩባትን ከተማ አቀደ። አራዳ የነጮች የንግድ ማዕከል እንዲሆን ተወሰነ፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለው እሱ ነው። የአገሬው ሕዝብ ገበያ ግን ከዚያ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ እኛ ወደምንኖርበት አዲስ ከተማ ተወሰደ። ስሙንም “መርካቶ ኢንዲጀኖ” አሉት፤ “የአገሬው ተወላጅ ገበያ” ማለት ነው። “መርካቶ” በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ብቻ ነው፤ የሚያዋርደው ሁለተኛው ቃል ነበር። እሱ ረግፎ ጠፋ፤ የመጀመሪያው ቀረ።

በዚያች ከተማ ሰው የት እንደሚገበይ በኪሱ ሳይሆን በቆዳው ቀለም ተወሰነ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባረረ፤ ሕጉም አብሮት ሄደ። ልማዱ ግን ቶሎ አልሄደም። መስተዋት ያለው ሱቅ እዚያ ማዶ፣ ግፊያውና ሸክሙ እዚህ ሆነው ቆዩ። እናቶቻችን “ይኼ እኮ ከፒያሳ የተገዛ ነው” ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ይል የነበረው ዕቃው የተለየ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ቦታው ራሱ ዋጋ አውጥቶ ነበር።

መርካቶ ግን በታሰበለት ልክ አልቀረም። የየመኖቹን የችርቻሮ ንግድ ቀስ በቀስ የጉራጌ ነጋዴዎች ተረከቡት፤ በሱቅ በደረቴ ጀምሮ ጅምላ አከፋፋይ የሆነው ስንቱ ነው! እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ እያለ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ሠፈር ያዘ። የተጣለ ቆርቆሮ ምጣድና ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ምን አለሽ ተራም የዚሁ አካል ነው። በየጥጉም በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጠው ልጅ ያስተማሩ እናቶች አሉ። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን የነዚያ እናቶች ልጆች ነን።

እዚህ ላይ ወደ ባሕር ማዶ አንድ ጊዜ እንሻገር፤ ምክንያቱም “ሱፐርማርኬት” የሚባለው ነገር ሲፈጠር የሀብታም መደብር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለ ሱቅ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ገዢ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ባለሱቁ ዕቃውን ያወርድለት ነበር። ፒግሊ ዊግሊ ግን ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሣ ወደ ከፋዩ እንዲሄድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል በኒውዮርክ ኪንግ ከለን የተባለው መደብር ተከፈተ። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ኪራዩ ርካሽ የሆነ ሰፊ ቤት ውስጥ ዕቃን በብዛት መከመር፣ በትንሽ ትርፍ ቶሎ ቶሎ መሸጥ። ሥራ ያጡ ሰዎች የሚገዙበት መደብር ነበር።

ብዙ ከምሮ በትንሽ ትርፍ መሸጥ! ይህን የሚያደርገው በኛ አገር ማን ነው? መርካቶ ነው። እኛ አገር ሱፐርማርኬት የሚለው ስም የመጣው በተገላቢጦሽ ነው። በግሪካዊ ነጋዴ የተቋቋመውን ባምቢስን የመሰሉ ቀደምት መደብሮች የሚታወቁት ከውጭ በሚመጡ ዕቃዎችና በውጭ አገር ደንበኞቻቸው ነበር። በውጭ ምንዛሪ የመጣ ዕቃ፣ ጥቂት ገዢና ውድ ኪራይ ሲደመሩ ዋጋው ከፍ ይላል። ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ሆነ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየቀበሌውም የኅብረት ሱቅ ተከፈተ። ያኔ ዋጋው የተወሰነ ነው፣ ክርክር የለም፣ ሚዛን አለ። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም በራሽን ነው። ርካሽ ነበር ወይ? በብር ነበር። ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ማን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት፤ ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ። በሰልፍ ያለፈው ቀን በዋጋው ውስጥ አልተቆጠረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ተከፈተ፤ ሱፐርማርኬቶችም በየአቅጣጫው በዙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣ። ታክሱ በሚመለከተው ዕቃ ላይ የተመዘገበው መደብር ከ100 ብሩ ላይ 15 ብር አክሎ በደረሰኝ ያስከፍላል፤ የጉልቷ እናት ግን አታስከፍልም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ብዙ ሳይቆይ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ጣሪያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዕቃ ዋጋ ዘለለ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት እንዲከፈት ተፈቀደ። ስለዚህ የኛ ክርክር የዘንድሮ ፋሲካ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ነገ ልጆቻችንም ይከራከሩበታል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከታሪኩ የተማርነው፣ በውድ መደብር ውስጥ የምንከፍለው ትርፍ ብር ሦስት ነገሮችን እንደሚገዛ ነው፦ ሥራን፣ ዋስትናንና ቦታን። ሦስቱን ለያይቶ ማየት ይገባል።

ሥራውን በበርበሬ እንየው። ዛላውን ከበርበሬ በረንዳ ስንገዛ መምረጥ፣ መከራከር፣ ማሸከም አለ። ቤት ሲገባ መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር መደለዝ፣ እንደገና ማስጣት፣ ኮረሪማውን፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱን አምሶ መጨመር፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ማስፈጨት አለ። ዛላው ደግሞ ግንጣዩ ሲወጣለት ክብደቱ ይቀንሳል። የታሸገው በርበሬ ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ድካም ተቆጥሯል። ስለዚህ “መርካቶ ርካሽ ነው” ስንል የራሳችንን ቀናት በነፃ እየቆጠርን ነው። እንጀራ ጋግራ የምታድር፣ ልብስ አጥባ የምታድር እህታችን ሦስት ቀን ከሥራ ብትቀር ስንት ታጣለች? እሷ የታሸገ ሽሮ ብትገዛ ስንፍና አይደለም። አምስት ሆነው በአንድ ግቢ የሚያሰናዱ ከሆነ ግን ድካሙ ለአምስት ይካፈላል፤ ያኔ መርካቶ በእርግጥ ርካሽ ነው።

ዋስትናው ሁለተኛው ነው። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር እንደሚቀላቀል የማያውቅ የለም። ያልተፈጨ ዛላ ግን በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ሳይፈጭ መግዛት የድሮ እናቶች ዋስትና ነበር። ሌላው ዋስትና ደንበኛ ነው። ዓመት ከዓመት የምንገዛት ሴት ክፉ ዕቃ ብትሰጠን ነገ ፊታችንን ታያለች፤ ምራቂ ትጨምራለች፤ ሲቸግረንም በዱቤ ትሰጣለች። የታሸገው ዕቃ ስምና ቀን አለው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማሸጊያ ሁሉን አይፈውስም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በሁሉም ውስጥ አግኝቷል። ዋናው ምንጩ ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነው። ከመኖው የገባ መርዝ በማፍላትም በማሸግም አይወጣም።

ሦስተኛው ቦታው ነው፦ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ኪራዩ። የሚያስገርመው፣ ብዙዎቻችን ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ፓስታ፣ ስኳር፣ የፋብሪካ ዘይትና ሳሙና ነው። እነዚህ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ማሸጊያ የወጡ ናቸው፤ መርካቶ ካለው አከፋፋይ ብንገዛቸውም ያው ናቸው። በነሱ ላይ ትርፍ ስንከፍል ሥራም ዋስትናም አልገዛንም፤ ቦታ ብቻ ነው የገዛነው። በተቃራኒው ቀዝቃዛ ሰንሰለት የሚፈልግ ወተትና ሥጋ፣ ሐኪም ያዘዘው የሕፃን ወተት፣ ቀኑ መታየት ያለበት ምግብ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው በትክክል ለሚሠራ መደብር ትርፍ መክፈል ያዋጣል።

አንድ ነገር ከራሳችን እንጨምር። ባለፈው ጊዜ ያሰናዳነውን በርበሬ አሽገን ለአንድ ትልቅ መደብር አቅርበን ነበር። መደብሩ “ሲሸጥ ይከፈላል” ብሎ ተቀበለን። ገንዘባችን በእጃችን የገባው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋም እኛ ከተቀበልነው እጅግ የራቀ ነበር። ገዢዋ ለሴቶች ድካም የከፈለች መስሏት ይሆናል፤ አብዛኛው ግን ለቦታው ሄዷል። ስለዚህ ውድ መግዛት ሁልጊዜ የሠራተኛዋን እጅ መደገፍ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል።

ለፋሲካው ያቀረብነው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ስብሰባውም ተቀብሎታል። ዛላ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤና የፋብሪካ ዕቃ በጋራ ከመርካቶ በጅምላ ይገዛል። ጋሪና ተሸካሚም ከጋራው ሣጥን ይከፈላል። በሽተኛ የምታስታምመው አባላችንና አራስ ያለችው ሌላዋ ለሚያስፈልጋቸው ነገር ከሱፐርማርኬት እንዲገዛላቸው ተስማምተናል፤ ማንም “አባከነች” አይላቸውም። ድልዙን የሚሠሩት እህቶች ደግሞ ከዘንድሮ ጀምሮ የቀን አበል ይቆረጥላቸዋል። በክርክሩ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት አንዲት እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ “እኛ ስንደልዝ ስንኖር ማንም ሒሳብ አልያዘልንም” አሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የፈለግነው ያንን ሒሳብ መያዝ ነው።

የቀረውን አባቶች ብለውታል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እህል በረንዳ መግቢያው ላይ እንገናኝ፤ ዘንቢል አትርሱ።