ስለ ሚሞሪ ካርድ ታሪክና ስለ አመራረጡ

የሰው ልጅ ያየውንና የሰማውን ነገር እንዳይረሳው በድንጋይ ላይ ቀርጿል፤ በብራናና በወረቀት ላይም ጽፏል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ይህን አደራ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም ለማትበልጥ ለአንዲት ስስ ካርድ ሰጥቷል፤ እርስዋም ሚሞሪ ካርድ የምትባለው ናት። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው የካርዱን ታሪክ ነው። ዓላማችንም መሣሪያ የሚሠራ መሐንዲስ ካርድ በሚመርጥበት ጊዜ ከዚህ ታሪክ ምን ሊማር እንደሚገባው ማመልከት ነው። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን ይገነዘቡልን ዘንድ እንለምናለን።

የዝናብን መጠን ወይም የመድኃኒት ማቀዝቀዣን ሙቀት ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ በውስጡ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል አነስተኛ ኮምፒዩተር አለው። የዚህ ኮምፒዩተር ጉልበቱም የመያዝ ችሎታውም ጥቂት ነው። መሣሪያው ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግል ይፈለጋል። ስለዚህ መሐንዲሱ የካርዱን ማስገቢያ በቦርዱ ላይ ዛሬ ሲበይድ፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ በገበያ ሊገኝ የሚገባውን ካርድ አብሮ መምረጡ ነው። ምርጫው ያልቀና እንደ ሆነ መሣሪያው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፥ የሚጽፍበት ካርድ በማጣት ብቻ ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ሊመዘገብ የሚገባውም ነገር ሳይመዘገብ ይቀራል።

የእነዚህ ካርዶች ሁሉ መሠረት ፍላሽ የተባለው የማስታወሻ ዐይነት ነው። ይህን የፈለሰፉት በጃፓን አገር የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። የመጀመሪያውን በ1984፥ ናንድ የሚባለውንና ዛሬ በካርዶች ውስጥ የሚገኘውን ደግሞ በ1987 ለዓለም አስታውቀዋል። ፍላሽ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበትም የተጻፈበትን አይረሳም። ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፥ የተጻፈው የሚደመሰሰው አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው፥ በተጻፈበትና በተደመሰሰ ቍጥር እየደከመ መሄዱ ነው። በዚህም ምክንያት ድካሙን ለክፍሎቹ ሁሉ አስተካክሎ የሚያከፋፍል፥ የተበላሸውንም ክፍል የሚለይ አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል። ይህ አስተዳዳሪ በካርዱ ውስጥ ይሁን ወይስ በመሣሪያው ውስጥ የሚለው ጥያቄ የካርዶቹን ዕድል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆነ።

በ1994 የአሜሪካው ሳንዲስክ ኩባንያ ኮምፓክት ፍላሽ የተባለውን ካርድ አወጣ። አስተዳዳሪው በካርዱ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ካርዱ ለመሣሪያው ልክ እንደ ሃርድ ዲስክ ሆኖ ይታየው ነበር። ጠንካራና የታመነ በመሆኑ በፋብሪካ መሣሪያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሆኖም 50 የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ስለ ነበሩት፥ እግሩ ጥቂት ለሆነ ማይክሮኮንትሮለር ከባድ ሸክም ነበረ። በ1995 ቶሺባ ያወጣው ስማርት ሚዲያ በተቃራኒው ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ብቻ፥ አሠራሩም ቀላል ነበረ። ነገር ግን አስተዳዳሪ አልነበረውምና ሥራውን ሁሉ በመሣሪያው ላይ ጣለው። መሣሪያው በተሠራ ጊዜ ያልታወቀ ትልቅ ካርድ ሲመጣ ሊያነበው የማይችልበት ጊዜ ነበረ። ስማርት ሚዲያም ከ128 ሜጋባይት ሳያልፍ ታሪኩ አበቃ።

ለአነስተኛ መሣሪያዎች ታላቁ በር የተከፈተው በ1997 ነው። ሳንዲስክና የጀርመኑ ሲመንስ ያወጡት መልቲ ሚዲያ ካርድ መገናኛው 7 ብቻ ሲሆን፥ አስተዳዳሪውም በውስጡ ነበረ። ከሁሉም በላይ፥ ማይክሮኮንትሮለሮች አስቀድመው በሚያውቁት፥ ኤስ ፒ አይ በሚባለው ባለ አራት ሽቦ መነጋገሪያ ሊታዘዝ ቻለ። በ1999 ማትሱሺታ፥ ሳንዲስክና ቶሺባ በዚሁ መሠረት ላይ ባለ 9 መገናኛ የሆነውን ኤስ ዲ ካርድ አስታወቁ፤ በ2000 መጀመሪያም ደንቡን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ብቻቸውን መጓዝ መረጡ። ሶኒ በ1998 ሚሞሪ ስቲክን አወጣ፤ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም በ2002 ኤክስ ዲ የተባለውን አቀረቡ። እነዚህ ካርዶች በሥራቸው የሚናቁ አልነበሩም። ነገር ግን ኤክስ ዲ ከገበያ ጠፋ፤ ሶኒም ራሱ በ2010 ኤስ ዲ ካርድ መሸጥ ጀመረ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉት፥ ያሸነፈው ብዙዎች በኅብረት የያዙት ደንብ ነው። በ2005 በዚሁ ማኅበር የጸደቀው ማይክሮ ኤስ ዲም፥ 15 በ11 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ቢያንስም የቀድሞውን መነጋገሪያ አልተወም።

ይሁን እንጂ መልክ አንድ ስለ ሆነ ጠባይም አንድ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ኤስ ዲ ካርድ እስከ 2 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፤ በ2006 የመጣው ኤስ ዲ ኤች ሲ እስከ 32 ጊጋባይት፥ በ2009 የመጣው ኤስ ዲ ኤክስ ሲ ደግሞ እስከ 2 ቴራባይት ሊይዝ ተፈቀደለት። በፊተኛው ካርድ አድራሻ የሚቈጠረው በባይት ነው፤ በኋለኞቹ ግን በየ512 ባይት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ፕሮግራም አዲሱ ካርድ ከማስገቢያው ገጥሞ ሳለ ሊሠራበት አይችልም። እንዲሁም በመጻፍ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ የተቋረጠ እንደ ሆነ የፋይሉ መዝገብ ሊበላሽ ስለሚችል፥ መሣሪያው ሥራውን ፈጽሞ እስኪዘጋ ድረስ የሚያቈየው ጥቂት የኤሌክትሪክ ስንቅ ቢዘጋጅለት መልካም ነው። ካርዱን ማውጣትና መለወጥ የማያስፈልግ ከሆነም፥ ፍላሹን በቦርዱ ላይ መበየድ ይሻላል። መልቲ ሚዲያ ካርድም ከኪሳችን ቢጠፋ፥ ኢ ኤም ኤም ሲ በሚል ስም እንዲህ ተበይዶ እስከ ዛሬ ይኖራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህ ነው። መሐንዲሱ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የካርዱን ፍጥነት ወይም ስፋት ሳይሆን፥ ደንቡ በስንት እጅ እንደ ተያዘና ከአነስተኛው ኮምፒዩተር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ነው። ለብዙ መሣሪያዎች ማይክሮ ኤስ ዲ የሚመረጠውም ሁለቱን ጥያቄዎች በመልካም ስለሚመልስ ነው። መዝገብን ለትውልድ የሚያቈየው የሚጻፍበት ነገር ጥንካሬ ብቻ አይደለምና፤ ነገ የሚያነበው መኖሩን አስቀድሞ ማሰብ የዛሬው ጸሓፊ ግዴታ ነው።