የሲራራ ነጋዴ እግር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ ጉልበትና ትንፋሽ ሲነሳ እኔ የምጠቅሰው ስታዲየም ሳይሆን የቡሬን ገበያ ነው። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ መናኸሪያ ነበረች። ጨዉንና ቡናውን በቅሎና አህያ ይሸከሙታል፤ ባለቤቱ ግን በእግሩ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጭኖ ይነሳል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ያራግፋል፣ በሶውን በጥብጦ ያርፋል። በማግስቱም እንዲሁ። ዛሬ ለሯጮች የሚነገረው “አታቋርጥ፣ በልክ ድከም፣ በልክ እረፍ” ያኔ የንግድ ደንብ ነበር።

የዚህ እግር ጥቅም በጦርነትም ታይቷል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያንን ለማስወጣት ከስደት ተመልሰው በሱዳን ድንበር በኦሜድላ ገብተው ወደ በላያ ተራራ ሲያቀኑ፣ ስንቅና ጥይት የጫኑት የሱዳን ግመሎች በየመንገዱ አለቁ። ግመል የበረሃ እንጂ የጎጃም ዳገት እንስሳ አይደለማ! የአገሬው አርበኛ ግን በዚያው ዳገት ላይ ነው ያደገው። የካቲት 25 ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ፤ መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህንኑ የእግር ኃይል በትምህርት ቤትም አይቻለሁ። ከገጠር በእግር የሚመላለሱ ተማሪዎቼ መስከረም ላይ ሜዳውን ዞረው ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር፤ ኅዳር ላይ እያወሩ ይዞሩታል። የከተማው ልጅ ግን በባጃጅ መጥቶ እስከ ሰኔ ያለከልካል። ወላጆች ሆይ፣ የባጃጁን ሂሳብ ለደብተር አድርጉትና ልጆቹን በእግር ላኳቸው።