የዋግ ኽምራ ማርና ጠጅ

የዋግ ኽምራ ማርና ጠጅ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የሚመረተው ነጭ ማር፣ ከማር የሚጣለው ጠጅ እና ከሁለቱ ጋር የተያያዘው የእንግዳ አቀባበል ልማድ ነው። በሌላው ዓለም ወዳጆች ተሰባስበው ወደ ወይን እርሻ አገር በመሄድ ጥቂት ቀን እንደሚያርፉ ሁሉ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የወይኑን ቦታ የያዘው ማር ነው። የማሩ መጠንና ጥራት በክረምቱ ዝናብና በተራራው ላይ በሚቀረው ቁጥቋጦ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የጠጁ ዕጣ ከአካባቢው የተፈጥሮ ሀብት ዕጣ ተለይቶ አይታይም።

ጠጅና ወይን

በአማርኛ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀው መጠጥ «ወይን ጠጅ» ይባላል፤ ትርጉሙም የወይን ጠጅ ማለት ነው። ስሙ እንደሚያሳየው መነሻው መጠጥ የማሩ ጠጅ ሲሆን፣ የወይኑ በእርሱ አምሳል ተሰይሟል። ሰቆጣ ከተማ የምትገኝበት የአየር ንብረት ቀጠና ስም «ወይና ደጋ»ም ወይን ሊበቅልበት ከሚችል ደጋ የመጣ ነው ተብሎ ይታሰባል።

በኢትዮጵያ የወይን ጠጅ በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ከቀደምቶቹ አምራቾች አንዱ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። በኋላም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ (ባቱ) አጠገብ የወይን እርሻ አቋቁሞ፣ በ2006 ዓ.ም. «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ምርቶች ለገበያ አቅርቧል። በዋግ ኽምራ ግን የተለመደው የክብር መጠጥ ጠጅ ነው፤ ለዘወትር ደግሞ ጠላ ይጠጣል።

አካባቢው

ዋግ ኽምራ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ከኮረም በስተምዕራብ የሚገኝ ተራራማ አገር ሲሆን፣ የተከዜ ወንዝና ገባሮቹ በጥልቅ ሸለቆዎች ከፋፍለውታል። የአስተዳደሩ መቀመጫ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ነዋሪው በብዛት የአገው ኽምራ ሕዝብ ነው፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ኽምጣንጛንና አማርኛን ይናገራል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይጠቃለላል።

ታሪክ

የአገው ሕዝብና የንብ ትስስር በትውፊትም ይታወቃል። ከዛግዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ የንብ መንጋ እንደከበበውና ስሙም ከዚሁ እንደመጣ ይነገራል፤ «ላል» የሚለው ቃል በአገውኛ ከንብና ከማር ጋር ይያያዛል። የዛግዌ መንግሥት በ1262 ዓ.ም. ገደማ ካበቃ በኋላ፣ ዘራቸውን ከዛግዌ የሚቆጥሩት የዋግ ገዢዎች «ዋግሹም» በሚል ማዕረግ አገሩን ለብዙ መቶ ዓመታት አስተዳድረዋል። በትውፊት ዋግሹሙ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ነበረው። ከነዚህ ገዢዎች አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል።

በዚያ ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። በግብር ላይ ለማን ጠጅ፣ ለማን ጠላ እንደሚቀርብ የሚወስነው የተጋባዡ ማዕረግ ነበር። ጠጅ አሳላፊው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ ይህም መጠጡ ከመርዝ ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሞሌ ጨው ንግድ መተላለፊያ የሆነች ትልቅ የገበያ ከተማ ነበረች።

ነጩ ማር

የዋግ ማር መለያ ነጣ ያለ ቀለሙ ነው። ማሩ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይጠጥራል፤ ጣዕሙም ለስላሳ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ንቡ ከሚቀስመው አበባ ሲሆን፣ ከነዚህ ዋነኛው በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚበቅለው መንጠሴ የተባለ ቁጥቋጦ ነው። ግራር፣ አደይ አበባና ሌሎችም የዱር ዕፅዋት ለንቡ ቀሰም ይሆናሉ። ከሌላ አበባ የተቀሰመ ማር ቢጫ፣ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ሊሆን ይችላል።

ዋናው የማር ቆረጣ ወቅት ክረምቱ አልፎ አበባው ከሚፈነዳበት ከመስከረም በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ንብ አንቢዎች ከጭቃና ከእበት የተለሰነ ባህላዊ ቀፎ፣ የሽግግር ቀፎና ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ይጠቀማሉ። በባህላዊው ቀፎ ማሩ ከነሰፈፉ ስለሚቆረጥ ለጠጅ ይመረጣል፤ ከዘመናዊው ቀፎ የሚገኘው ደግሞ ተጣርቶ ለገበያ ይቀርባል። በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የንብ እርባታን ከምርምር ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ይሠራል።

የጠጅ አጣጣል

ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ይጣላል። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ብዙውን ጊዜ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ይበጠበጥና በጨርቅ ተከድኖ ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሰፈፉ ከላይ ይገፈፋል። ቀጥሎ የጌሾ እንጨት ከጥቂት ብጥብጥ ጋር ተፍልቶ ይጨመርበታል። ጌሾው መጠጡን መራራ ያደርገዋል፤ እንዳይበላሽም ይረዳል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው በማሩ፣ በጌሾውና በዕቃው ላይ ያለ የተፈጥሮ እርሾ ነው። እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ በደጋ ብርድ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል።

የደረሰው ጠጅ ተጣርቶ በብርሌ ይቀርባል። ስኳሩ ያልተበላው «ለስላሳ»፣ በደንብ የፈላው «ደረቅ»፣ በመካከል ያለው «መካከለኛ» ይባላል። ሳይፈላ የሚጠጣው የማር ብጥብጥ «ብርዝ» ሲሆን፣ አልኮል ለማይጠጡ ሰዎችና ለሙስሊሞች ይቀርባል። ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ስለሚሸፍን፣ ያልለመደ ሰው ደረቁን ጠጅ ከምግብ ጋርና በጥቂቱ ቢጠጣ ይመከራል።

ጉብኝት

ወደ ሰቆጣ የሚሄዱ ጎብኚዎች በአብዛኛው ከላሊበላ ወይም ከኮረም አቅጣጫ ይነሣሉ። ማርና ጠጅ ለመቅመስ ተስማሚው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ አዲሱ ማርም ገበያ ይወጣል። አዲሱ ማር ተጥሎ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በጥቅምት መጀመሪያ የሚቀርበው ጠጅ ካለፈው ዓመት ማር የተጣለ ሊሆን ይችላል።

ቡድን ሆኖ ለሚሄድ ሰው ሌላው ወቅት ነሐሴ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣና በአካባቢው ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። በዓሉ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከጠጅ ጋር ከሚበሉት መካከል የአበርገሌ ፍየል ሥጋና በተከዜ ግድብ ሐይቅ የሚጠመደው ዓሣ ይጠቀሳሉ።

የጠጅ መጠጣት ልማድ የብቻ አይደለም። በግብዣ ላይ አስተናጋጁ ብርሌው ሳይጎድል ይቀዳል፤ እንግዳውም በቃኝ ሲል «በሞቴ» እየተባለ ይለመናል። ጠጅ በሠርግ፣ በክርስትናና በዓመት በዓል ይቀርባል፤ ከቤት ውጭ ደግሞ በጠጅ ቤት ይሸጣል።

ስጋቶች

ዋግ ኽምራ በተደጋጋሚ በድርቅ የሚጠቃ አካባቢ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ሲሆን፣ ብዙ ነዋሪዎች ዕርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ተሰደው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ድርቅም ተጎድቷል። ዝናብ ሲጠፋ አበባ አይኖርም፤ ቀሰም ያጣ ንብ ደግሞ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ገበሬው ሰብሉን ብቻ ሳይሆን የንብ መንጋውንም ያጣል። በኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማዋ ስም የተሰየመ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም.፣ ሰቆጣና ሌሎች የዋግ ወረዳዎች የውጊያ ቀጠና ሆነዋል፤ በርካታ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። በዚህም ምክንያት ጉዞ የሚያቅዱ ሰዎች አስቀድመው የመንገዱን ደህንነት ማጣራት ያስፈልጋቸዋል።

ሌሎቹ ችግሮች የአረምና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል በንብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እና ማርን ወይም ጠጅን ከስኳር ጋር የማቀላቀል ድርጊት ናቸው። በአንጻሩ የተራቆቱ ተዳፋቶችን ከልቅ ግጦሽ ከልሎ፣ በክልሉ ውስጥ ቀፎ እንዲሰቅሉ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች መስጠት በሰሜን ኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ነው። የተከለለው ተራራ ሣርና ቁጥቋጦ ያበቅላል፤ ንቡ ቀሰም ያገኛል፤ ወጣቶቹም ማሩን ሸጠው ስለሚጠቀሙ ተራራውን ይጠብቃሉ።