ሁለት ፍቺ ያለው ኑዛዜ፦ የቦስተን ገጣሚዎችና ሕይወታቸው

«ኑዛዜ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ምእመን በንስሐ አባቱ ፊት ኃጢአቱን የሚገልጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ሀብቱና ስለ ልጆቹ የሚተወው የመጨረሻ ቃል ነው። ሃያሲው ኤም. ኤል. ሮዘንታል በሴፕቴምበር 1959 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ዘ ኔሽን» በተባለው መጽሔት ላይ የሮበርት ሎውልን አዲስ መድበል ሲገመግም ግጥምን ከኑዛዜ ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ገጣሚው የቤቱን ገመና፣ የትዳሩን ጠብና የአእምሮ ሕመሙን በራሱ አንደበት የሚናገርበት ስልትም ከዚያ ወዲህ «የኑዛዜ ግጥም» ይባል ጀመር። ሮዘንታል ያሰበው የፊተኛውን ፍቺ ነበር፤ ይሁን እንጂ በቦስተን ከተማና በአካባቢዋ ያደገው የዚህ ስልት ታሪክ ሲመረመር፣ ስሙ ከንስሐው ይልቅ ለሁለተኛው ፍቺ የሚቀርብ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ ግጥም ላይ የሠለጠነው አስተሳሰብ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቲ. ኤስ. ኤሊየት በ1919 ባሳተመው ድርሰቱ ገጣሚው ማንነቱን ከሥራው ማራቅ እንዳለበት አስተማረ፤ «አዲሱ ሂስ» የተባለው የአሜሪካ ሃያስያን ወገንም ግጥም ከደራሲው የሕይወት ታሪክ ተለይቶ በቃላቱና በአወቃቀሩ ብቻ ሊነበብ ይገባዋል የሚለውን ሥርዓት በየዩኒቨርሲቲው አጸና። ሎውል ራሱ ከዚህ ወገን መሪዎች አንዱ በሆነው በጆን ክሮው ራንሰም እጅ የተማረ ሲሆን፣ በ1947 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘበት መድበሉ በጥብቅ ምጣኔና በቤት አመታት የታነጸ፣ በሃይማኖታዊ ምሳሌ የተሸፈነ ሥራ ነበር።

ይህን ሽፋን ያስጣለው አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሎውል ከልክ ያለፈ ግለትና ከባድ ድብርት የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ እናቱ በ1954 ከሞተች በኋላም ሆስፒታል ገብቶ ሲወጣ የልጅነቱንና የወላጆቹን ታሪክ በስድ ንባብ መጻፍ ያዘ። በ1957 ደግሞ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ተጉዞ፣ እነ አለን ጊንስበርግ ግጥምን በልቅ አነጋገር ለአድማጭ በሚያሰሙበት አገር ሥራዎቹን ሲያነብ፣ የገዛ ግጥሞቹ ከብደውት መድረክ ላይ ሳለ ስንኞቹን እያቀለለ ያነብ ጀመር። የ1959ኙ መድበል «ላይፍ ስተዲስ» የተወለደው ከእነዚህ ነው፤ በውስጡም ከባሕር ኃይል ወጥቶ ኑሮው እያዘቀዘቀ የሄደው አባቱ፣ ትዳሩ፣ ቤልሞንት በምትባለው ከተማ በሚገኘው በማክሊን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያሳለፈው ጊዜ ሁሉ ያለ ምሳሌ ልባስ ቀርበዋል። በዚያው ዓመት የቀድሞ ተማሪው ደብልዩ. ዲ. ስኖድግራስ በፍቺ ስለተለያት ሴት ልጁ የጻፋቸውን ተከታታይ ግጥሞች የያዘ መድበል አሳትሞ በ1960 ፑሊትዘርን ሲቀበል፣ መምህሩ ከተማሪው መማሩን ሎውል ሳይሸሽግ ተናግሯል።

አን ሴክስተን ወደ ግጥም የመጣችው በሌላ በር ነው። በቦስተን ዳርቻ የምትኖር የሁለት ልጆች እናትና የቤት እመቤት ሳለች ታማ ሆስፒታል ከገባች በኋላ፣ ሐኪሟ እንድትጽፍ ስላበረታታት በ1956 መጨረሻ መግጠም ጀመረች፤ በቀጣዩ ዓመትም ገጣሚው ጆን ሆምስ ለጎልማሶች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገበች። ሆምስ ስለ እብደትና ስለ ሆስፒታል የሚናገሩትን ግጥሞቿን አልወደዳቸውም፤ እንዳታሳትማቸውም መከራት። እርሷ ግን በዚያው ክፍል ካገኘቻት ከማክሲን ኩሚን ጋር ሥራውን ቀጠለች፤ ሁለቱ በየቤታቸው ሁለተኛ የስልክ መስመር አስገብተው፣ መስመሩን ሳይዘጉ ለሰዓታት ትተውት፣ አንዷ ስንኝ ሲደርስላት በስልኩ አፍ አፏጭታ ሌላዋን እየጠራች በየቃሉ ይከራከሩ ነበር። በ1959 የጸደይ ወራት ሎውል በቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምርበት ክፍል ሴክስተንና ሲልቪያ ፕላዝ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፕላዝ ከስድስት ዓመት በፊት በዚያው በማክሊን ታክማ ነበር።

የስሙ ጉድለት በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ተነሳሒ የሚናዘዘው የሆነውን ነው፤ ጨምሮ ወይም አሳምሮ የተናዘዘ አልተናዘዘም። ሴክስተን ግን በጦርነት ስለሞተ ወንድም ስትጽፍ ወንድም አልነበራትም፤ የነበሯት ሁለት እኅቶች ናቸው። ፕላዝ በ1962 ኦክቶበር 12 በጻፈችው ዝነኛ ግጥሟ አባቷን ናዚ አድርጋ አቀረበችው፤ የእውነቱ አባቷ ኦቶ ፕላዝ በልጅነቱ ከጀርመን የፈለሰ፣ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በ1934 ስለ ንብ ዘመዶች መጽሐፍ ያሳተመ የነፍሳት ተመራማሪ ሲሆን፣ የሞተውም በ1940 እርሷ ስምንት ዓመት እንደሞላት ነው። ግጥሙን በቢቢሲ ለማንበብ ስትዘጋጅም ተናጋሪዋን ከራሷ ለይታ፣ አንዲት ልጅ ብላ አስተዋውቃታለች። ረቂቆቿ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይናገራሉ፤ ከተማረችበትና ካስተማረችበት ከስሚዝ ኮሌጅ ባመጣችው ሮዝ ወረቀት ላይ፣ ብዙ ጊዜም ልብ ወለዷን በተየበችበት ገጽ ጀርባ፣ ልጆቿ ሳይነቁ ጎህ ሲቀድ የጻፈቻቸው እነዚህ ረቂቆች ቀን የተጻፈባቸው፣ የተሰረዙ፣ የተደለዙ፣ እንደገና የተገለበጡ ናቸው። የሚያም ነገርን ደግሞ ደጋግሞ እየሰረዙ መጻፍ የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንባቢው ያልተሠራ እንባ መስሎት የሚያነበውም ከዚህ ሥራ የወጣውን ነው።

በንስሐ ሥርዓት ሌላም ሕግ አለ፤ ሰው የራሱን እንጂ የሌላውን ኃጢአት አይናዘዝም፣ የሰማውም አባት ምስጢሩን ይዞ ይቀበራል። ሎውል በ1973 ባሳተመው «ዘ ዶልፊን» በተባለው መድበል፣ ትቶ የሄዳት ሚስቱ ደራሲዋ ኤልዛቤት ሃርድዊክ የጻፈችለትን ደብዳቤዎች ያለ ፈቃዷ፣ ያውም እየለዋወጠ በስንኞቹ ውስጥ አስገባቸው። የቅርብ ወዳጁ ኤልዛቤት ቢሾፕ ረቂቁን በ1972 አንብባ አጥብቃ አስጠንቅቃው ነበር፤ ገጣሚዋ ኤድሪየን ሪችም መጽሐፉ ሲወጣ በጽሑፍ አወገዘችው፤ የፑሊትዘር ዳኞች ግን በ1974 ሸለሙት። ቢሾፕ ትክክል ነበረች። ስለ ራስ እብደት መጻፍ ድፍረት ነው፤ የተበደለችን ሴት ልቅሶ ወስዶ፣ ቃሏንም ቀይሮ በስሟ ማሳተም ግን ድፍረት ሊባል አይችልም። የሴክስተን ሐኪምም እርሷ በ1974 ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ የሕክምና ንግግሯን የቀዳባቸውን ካሴቶች የሕይወት ታሪኳን ለምትጽፈው ለዳያን ሚድልብሩክ ሰጠ፤ መጽሐፉ በ1991 ሲታተም በሐኪሞች ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የፈቀደችው ሟቿ ሳትሆን የድርሰት ውርሷን እንድታስተዳድር የተመረጠችው ልጇ ነበረች፤ ጉዳዩም ከንስሐ ወጥቶ ወደ ውርስ ገባ።

የፕላዝ ውርስ ከዚህም የከበደ ነው። በ1963 ፌብሩዋሪ 11 ለንደን ውስጥ በሠላሳ ዓመቷ ራሷን ስታጠፋ በሕግ የሚጸና ኑዛዜ አልተወችም፤ ስለዚህም ተለይቷት ይኖር የነበረው ባሏ ገጣሚው ቴድ ሂዩዝ የጽሑፎቿ ሁሉ ወራሽ ሆነ። ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘው ግን በጥቁር ማኅደር የተሰደረ፣ ቅደም ተከተሉ የታወቀ «ኤሪየል» የተባለ መድበል ነበር፤ እርሷም መጽሐፉ «ፍቅር» በሚል ቃል ተጀምሮ «ጸደይ» በሚል እንደሚያልቅ አመልክታ ነበር። ሂዩዝ በ1965 ሲያሳትመው ደርዘን ያህል ግጥሞችን አውጥቶ፣ አብዛኛውን በሕይወቷ መጨረሻ ሳምንታት በጻፈቻቸው ተክቶ፣ ፍጻሜውን ወደ ሞት መለሰው፤ ዓለም ፕላዝን ያወቃትም በዚህ መልክ ነው። በ2004 በልጇ በፍሪዳ ሂዩዝ መቅድም የታተመው እትም የማኅደሩን ሥርዓት መልሷል፤ በእርሱም መጨረሻ ላይ የሚገኙት ስለ አባቷ ከተጻፈው ከዚያ ግጥም ጥቂት ቀናት ቀድማ፣ በዴቨን ገጠር ራሷ ንብ ካነበች በኋላ የገጠመቻቸው የንብ ግጥሞች ናቸው፤ በመጨረሻውም ንቦቹ በቀፏቸው ተጠጋግተው ክረምቱን ያሳልፋሉ።