አገር ቤት ያለ የናፍጣ መኪናችንን ከስደት ሆነን ስንሸጥ፦ ከውክልና እስከ ስም ማዛወር

እህቶች፣ ብዙዎቻችን እዚህ ሰርተን አገር ቤት በስማችን መኪና አስገዝተናል። እኔም ከሁለት እህቶቼ ጋር አዋጥተን አንድ አሮጌ የናፍጣ ፕራዶ ገዝተን ነበር። ሊብሬው በእኔ ስም ነው፣ የሚነዳው ወንድማችን ነው፣ አባታችንን ሐኪም ቤት ያመላልስበት ነበር። አባዬ ካረፈ በኋላ እንሽጠው ተባባልን። ያለ ደላላ ሸጠነዋል። በዚያ ጊዜ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ጻፍኩላችሁ።

1. ውክልና

አንቺ እዚህ ከሆንሽ የሚሸጥልሽ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናውን የምትሰጪው ያለሽበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደሽ ነው፤ ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን ያዢ። ወኪሉ እዚህ መገኘት የለበትም። ኤምባሲ የሚሰራው በሥራ ቀን ነው፣ የእኛ እረፍት ደግሞ ዓርብ ወይም እሁድ ነውና ማዳምን ቀድመሽ አስፈቅጂ።

"ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" የሚል ውክልና ለመሸጥ አይበቃም። "መሸጥ"፣ "ውል መፈረም"፣ "ስም ማዛወር" የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ይግባ። ገንዘቡ በአንቺ የባንክ ሂሳብ እንዲገባም አስጽፊ። ወንድምን አለማመን አይደለም፤ በኋላ ቤተሰብ እንዳይጣላ ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ውክልናውን መሻር ትችያለሽ።

2. ሰነዶች

ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይዘጋጁ። ባለትዳር ከሆንሽ የባልሽ ስምምነት ይጠየቃል፤ ካላገባሽ ያላገባሽ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ። መኪናው ፋይሉ ባለበት መንገድ ትራንስፖርት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይታይ። ያለ ቀረጥ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይሸጥም።

3. ሞተሩ

የናፍጣ መኪና ገዢ መካኒክ ይዞ ነው የሚመጣው። መካኒኩ መጀመሪያ የሚያየው ጭሱን ነው። ጥቁር ጭስ ከበዛ የአየር ፊልትሮ ተዘግቶ ወይም ኢንጀክተር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ ትንሽ ቢኖር ችግር የለውም፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር ወጪው ትንሽ ነው፣ ይቀየር። ትልቁን ብልሽት ግን ለመሸጥ ብሎ ከመሸፋፈን ተናግሮ ዋጋ መቀነስ ይሻላል። ገዢው ሳይመጣ ሞተሩን አታሙቁት፤ ሙቅ ሆኖ ካገኘው "የሚደብቁት ነገር አለ" ይላል።

4. ዋጋ

በገዛሽበት ዋጋ አትገምቺ። በ2016 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪም ተለውጧል። ወንድሜ የእኛን ዓይነት ሞዴል አምስት ቦታ ጠይቆ ነው ዋጋ የቆረጥነው። ደላላ ከገባም ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

5. ገዢ ሲመጣ

ማሳየት በቀን ይሁን። ለሙከራ ሲነዳ መንጃ ፈቃዱና መታወቂያው ይታይ፣ የእናንተ ሰው አብሮ ይቀመጥ። የእኛ የመጀመሪያ ገዢ "ለመካኒኬ ላሳየው፣ በአንድ ሰዓት እመልሳለሁ" ብሎ ቁልፍ ጠየቀ። ወንድሜ ደወለልኝ፣ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ "አብረኸው ካልሄድክ እንዳትሰጥ" አልኩት። ሰውየው በዚያው ቀረ። የሊብሬውን ፎቶም ለማታውቁት ሰው በቴሌግራም አትላኩ።

6. ቀብድና ክፍያ

ቀብድ በጽሑፍ ይሁን። በሕጋችን ገዢ ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ቢቀይር እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ሳትወስኑ ቀብድ አትቀበሉ። ቀሪው በሲፒኦ ወይም ባንክ ቤት አብሮ ሄዶ በማስተላለፍ ይከፈል። ስልክ ላይ የሚታይ የደረሰኝ ፎቶ ገንዘብ አይደለም። ሂሳብሽ ውስጥ መግባቱን አንቺ ራስሽ አይተሽ "ገብቷል" ስትይ ብቻ ቁልፍ ይሰጥ።

7. ውልና ስም ማዛወር

ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የርክክቡ ቀንና ሰዓት፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስም ማዛወሩን ይረሳዋል። መኪናው በስምሽ እያለ ሰው ቢገጭ ካሳ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። አንቺ እዚህ ሰው ቤት እየሰራሽ እዚያ ክስ ሊመጣብሽ ይችላል። ስለዚህ ወኪልሽ ሊብሬው በገዢው ስም መዞሩን አይቶ ፎቶውን ይላክልሽ።

እኛ ያን ፎቶ ካየን በኋላ ነው ገንዘቡን ለሦስት የተካፈልነው። ለወንድማችንም የድካሙን ሰጠነው። እስካሁን በመካከላችን ቅሬታ የለም፤ ከመኪናው ዋጋ ይልቅ እኔን ደስ ያለኝ እሱ ነው።