ስክሮል ሶው

ስክሮል ሶው ቀጭን ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት እያመላለሰ እንጨትን በጠማማ መስመር የሚቆርጥ የእንጨት ሥራ ማሽን ነው። ምላጩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሌላ መጋዝ ሊዞርበት በማይችለው ጠባብ ኩርባ ይዞራል። ከእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍልም ዙሪያውን ሳይነካ ቆርጦ ማውጣት ይችላል። በዚህ ምክንያት ለጥልፍልፍ ጌጥ፣ ለመስቀል፣ ለስም ሰሌዳ፣ ለፎቶ ፍሬም፣ ለልጆች መጫወቻና ለተገጣጣሚ ሥዕል (ፐዝል) ያገለግላል። በእጅ ተይዞ ከሚነዳው ጂግሶ የሚለየው ማሽኑ በቦታው ቆሞ እንጨቱ በእጅ የሚገፋ መሆኑ ነው።

ማሽኑ ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ ድምፁም ከክብ መጋዝ ይልቅ ዝቅተኛ ነው። የሚፈልገው እንጨት ትንሽ በመሆኑ እንደ አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የአልጋ፣ የሶፋና የቁም ሣጥን ሠሪዎች የሚተርፋቸው ቁርጥራጭ ለጀማሪ ይበቃል።

ታሪክ

በቀጭን ምላጭ ጠማማ መስመር መቁረጥ ከሞተር በፊት የነበረ ሙያ ነው። ምላጩ በቅስት ብረት ላይ ተወጥሮ በእጅ ይሠራበት ነበር፤ ይህ የእጅ መጋዝ ዛሬም አለ፤ ማሽን ለሌለው ሰውም ጥሩ መጀመሪያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጡ ማሽኖች በአሜሪካና በአውሮፓ ተስፋፉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረው «ሆቢስ» የተባለ መጽሔት የመቁረጫ ንድፎችን ለአንባቢዎቹ ያደርስ ነበር። ኋላ የእግር መርገጫው በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ።

በኢትዮጵያ እንጨትን በቅርጽ ማስጌጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች በመስቀልና በጥልፍልፍ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። የእጅ መስቀልና አትሮንስም በመሮና በቢላ ሲቀረጹ ኖረዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ ደግሞ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች በተሳተፉባቸው ቤቶች ላይ የእንጨት ሰገነትና እንደ ዳንቴል የተቆረጠ የጣሪያ ጠርዝ ታየ። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘውና የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት እንዲሁም በሐረር «የራምቦ ቤት» የሚባለው የቀድሞ የህንድ ነጋዴ ቤት በእንጨት ሥራቸው የታወቁ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሥራ ለዝናብ፣ ለምስጥና ለእሳት የተጋለጠ ነው። በእቴጌ ጣይቱ የተመሠረተው የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጉዳት ደርሶበታል። ከጣሪያ ጠርዝ ላይ የወደቀ ወይም የበሰበሰ ጌጥ ሲኖር በአጠገቡ ያለው ደህነኛ ቅርጽ በወረቀት ላይ ይነሳና ምትኩ በስክሮል ሶው ሊቆረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ የቀድሞውን የእንጨት ዓይነት፣ ውፍረትና የጅማት አቅጣጫ መከተል ያስፈልጋል።

የማሽኑ አሠራር

ሞተሩ ሁለት ክንዶችን ያንቀሳቅሳል፤ ምላጩ በላይኛውና በታችኛው ክንድ ጫፍ መካከል ይወጠራል። በማሽኑ ስም ላይ የሚጻፈው መጠን (ለምሳሌ 16 ኢንች፣ 40 ሴ.ሜ. ገደማ) ከምላጩ እስከ ማሽኑ የኋላ አካል ያለው ርቀት ነው። መቆረጥ ያለበት ቦታ ከእንጨቱ ጫፍ ሁሉ ከዚህ በላይ ከራቀ ምላጩ አይደርስበትም። ፍጥነት መቀየሪያ ያላቸው ማሽኖች ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,600 ምልልስ ይሠራሉ። ለጠንካራ እንጨትና ለጥቃቅን ቅርጽ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ለቀጥታና ለለስላሳ እንጨት ከፍ ያለ ፍጥነት ይመረጣል።

ማሽን ከውጭ በዘመድ በኩል ሲመጣ ቮልቴጁ አስቀድሞ ይታያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል፤ አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን ስለማይቀይር አንዳንድ ሞተሮች ፍጥነታቸው ዝቅ ይላል።

ምላጭ

የተለመደው ምላጭ 5 ኢንች (12.7 ሴ.ሜ.) ገደማ ርዝመት አለው። ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ፦

• ባለ ፒን ምላጭ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ዘንግ አለው። ለመቀየር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፒኑን የሚያሳልፍ ሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈልግ ለጥቃቅን ጌጥ አይመችም።
• ያለ ፒን ምላጭ በብሎን ተጠብቆ ይያዛል። ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. በሆነ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ለዳንቴል መሰል ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው።

የምላጭ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱና የጥርሱ መጠን ይጨምራል። ቁጥር 1 እስከ 3 ለቀጭን ኮምፔንሳቶ (ፕላይውድ)፣ ቁጥር 5 እስከ 2 ሴ.ሜ. ለሚደርስ ተራ እንጨት፣ ቁጥር 7 እስከ 9 ለወፍራምና ለጠንካራ እንጨት ይሆናል። የታችኞቹ ጥርሶቹ ወደ ላይ የዞሩ ምላጭ የእንጨቱን የታች ፊት ከመቦጨቅ ያድናል።

ምላጩ በደንብ መወጠር አለበት። በጣት ሲነካ እንደ ክራር አውታር ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ውጥረቱ ደህና ነው፤ ደፈን ያለ ድምፅ ካሰማ ላልቷል። የላላ ምላጭ በኩርባ ላይ ይታጠፋል፤ የተቆረጠውም ፊት ቀጥ ብሎ አይቆምም።

የእንጨት ምርጫ

ዋንዛ (በኦሮምኛ ወዴሳ) ቀላልና ብዙ የማይጣመም በመሆኑ ለመቁረጥ ይመቻል። ዝግባ (ቢርቢርሳ) ፈዘዝ ያለ ቀለምና እኩል ጅማት አለው። ወይራ (ኤጄርሳ) እና የስምጥ ሸለቆው ግራር ጠንካራ ናቸው፤ ምላጭ ቶሎ ያደነዝዛሉ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። በሻሸመኔና በሙኔሳ አካባቢ በተከላ የሚለማው የፈረንጅ ጥድ ለስላሳ ነው፤ ቋጠሮው ግን ምላጩን ከመስመር ያስወጣል።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው የነበሩ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ስለዚህ እነዚህን እንጨቶች ከአሮጌ በር፣ ከተሰበረ አልጋና ከፈርኒቸር ቁርጥራጭ ማግኘት ይሻላል። የቆየ እንጨት በደንብ የደረቀ መሆኑም ሌላ ጥቅም ነው። ከመቁረጥ በፊት ምስማሩ ሁሉ መነቀል አለበት።

ከደጋና ከእርጥብ አካባቢ የመጣ ጣውላ በአዳማ ሞቃትና ደረቅ አየር ውስጥ ይኮማተራል። እርጥቡን ከተቆረጠ ቀጫጭኖቹ የጌጥ ክፍሎች ከቀናት በኋላ ይሰነጠቃሉ። ጣውላው በመካከሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ፣ አየር እንዲያገኝ ተነባብሮ፣ በጥላ ሥር ለሳምንታት መቆየት ይኖርበታል።

ጅማት ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ቀጭን ክፍል ከጅማቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ይጠነክራል፤ ጅማቱን አቋርጦ ሲሄድ በትንሽ ግፊት ይሰበራል። እንደ መስቀል በሁለት አቅጣጫ ቀጫጭን ክንድ ላለው ቅርጽ ንብርብሮቹ ተቃራኒ ጅማት ያላቸው ኮምፔንሳቶ ይመረጣል።

የአቆራረጥ ቅደም ተከተል

1. ንድፉ በወረቀት ታትሞ በእንጨቱ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ እንጨቱ በወረቀት ፕላስተር ቢሸፈንና ንድፉ በላዩ ላይ ቢጣበቅ ኋላ ሳይቦጭቅ ይነሳል።
2. ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑ ይፈተሻል። ወፍራም ቁርጥራጭ በትንሹ ይቆረጥና ዞሮ ከምላጩ ጀርባ በኩል ይቀርባል፤ ምላጩ በቀላሉ ወደ መስመሩ ከገባ ልኩ ደህና ነው።
3. ከውስጥ በሚወጣው እያንዳንዱ ክፍል ላይ አንድ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ (ድሪል) ይበሳል። የምላጩ አንድ ጫፍ ተፈትቶ በቀዳዳው ካለፈ በኋላ እንደገና ይወጠራል።
4. የውስጡ ክፍል ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ይቆረጣል። የውጭው ዙሪያ መጨረሻ ላይ የሚቆረጠው እንጨቱ በሥራው ሁሉ ሰፊና ጠንካራ ሆኖ እንዲቆይ ነው።
5. በሹል ማዕዘን ላይ ምላጩ እስከ ጫፉ ይገባል፣ በመጣበት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያም ከሌላው ወገን ይመጣል።
6. ወረቀቱ ተነስቶ ጠርዙ በየብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በዘይት ወይም በቫርኒሽ ይጨረሳል።

ተመሳሳይ ቅርጽ ሲበዛ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ኮምፔንሳቶ በፕላስተር ተያይዘው በአንድ ጊዜ ሊቆረጡ ይችላሉ።

የግዕዝ ፊደል መቁረጥ

የስም ሰሌዳ የተለመደ ሥራ ሲሆን ፊደሉ የራሱ ጠባይ አለው። ሀ፣ ለ፣ ሰ ክፍት ስለሆኑ ዙሪያቸውን መቁረጥ ይበቃል። ዐ፣ መ፣ ወ፣ ቀ እና ፀ ግን የተዘጋ ክፍል አላቸው፤ ለእያንዳንዱ የተዘጋ ክፍል የተለየ ቀዳዳ መበሳት አለበት። እንደ ሌ፣ ቤ፣ ቴ ያሉት ደግሞ ትንሽ ቀለበት ስላላቸው በትንሽ መጠን ሲሠሩ ቀለበቱ ይሰበራል፤ ንድፉ ላይ አስቀድሞ ቢወፍር ይሻላል።

ፊደሉ ራሱ ከሰሌዳው ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ የዐ መሃል አብሮ ይወድቃል። ይህን ለመከላከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ሳይቆረጥ ይተዋል። የግዕዝ ፊደላት እርስ በርስ ስለማይያያዙ ሙሉ ስምን በአንድ ወጥ እንጨት ለማውጣት ከሥራቸው መቆሚያ ዘንግ መጨመር ያስፈልጋል። ንድፉን እንደ ኢንክስኬፕ ባለ ነጻ ሶፍትዌር ማዘጋጀት ይቻላል፤ በብራና መጻሕፍት ላይ የሚታየው ሐረግም ለጠርዝ ጌጥ ጥሩ መነሻ ነው።

የተለመዱ ችግሮች

• መስመሩ ወደ አንድ ጎን ቢስብ፦ ብዙ ምላጮች ከአሠራራቸው የተነሳ በአንድ ጎናቸው ሻካራ ናቸው። እንጨቱን በትንሹ አጋድሞ መግፋት ያስተካክለዋል።
• እንጨቱ ቢጠቁር ወይም ቢጨስ፦ ምላጩ ደንዝዟል ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። በንድፉ ላይ ግልጽ ፕላስተር መለጠፍ ማቃጠሉን ይቀንሳል።
• ምላጭ በተደጋጋሚ ቢሰበር፦ ውጥረቱ በዝቷል፣ ምላጩ ለእንጨቱ ቀጥኗል ወይም ግፊቱ በርትቷል።
• እንጨቱ ቢዘል፦ ከጠረጴዛው ጋር አልተያዘም። ጣቶች ወደ ታች እየጫኑ በዝግታ መግፋት አለባቸው።

ደህንነት

ስክሮል ሶው ከሌሎች የመጋዝ ማሽኖች ያነሰ አደገኛ ቢሆንም ጣት ይቆርጣል፤ የተሰበረ ምላጭም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። መነጽር ማድረግ፣ የተንጠለጠለ ልብስና ነጠላ ማስወገድ፣ ምላጭ ሲቀየር ሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። መብራት ሥራ ላይ እያለ ከጠፋ ማብሪያው ወዲያው መዘጋት አለበት፤ አለዚያ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በድንገት ይነሳል።

ብዙም የማይታሰበው አደጋ አቧራው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በኤምዲኤፍ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ አለበት። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከመሥራት ይልቅ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ በአቧራ መከላከያ ጭምብል መሥራት ይገባል። ደቃቁ አቧራም በደረቁ ከሚጠረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢነሳ ወደ አየር አይመለስም።